በባለቤቱ የተጠገነ

ጥቅምት 8 ቀን

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? «እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ደህና ብሆን ኖሮ አንቺ ኩላሊትሽን ልትሰጪኝ አትነሺም፣ እኔም አልጽፍልሽም ነበር። ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ጠየቅሽኝ ልግባ።

ስልክ የማላነሣው አኩርፌ አይደለም። ባለቤትሽ «ሽማግሌው አኩርፏል» ብሎ ከሆነ፣ አላኮረፈም በይው። በስልክ ሰው ያላሰበውን ይናገራል። ወረቀት ላይ ግን ያልሆነ ቃል ሲመጣ ይሰረዛል። ከእንግዲህ በደብዳቤ ነው፤ አትደውይ።

የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ የተሰረዘው በኔ ምክንያት ነው እንጂ በአንቺ አይደለም። ይህን ለሁሉም ንገሪ። ኩላሊትሽ እንከን አልወጣለትም። ዶክተሯ ራሷ «የእህትዎ ኩላሊት የኮረዳ ነው» ብላኛለች። «ላውንደሪ ውስጥ እንፋሎት ሲመታው የኖረ ነው፣ ታጥቦ ተተኩሷል» ብላት አልሳቀችም። ወጣት ናት። ሥራዋን ታውቃለች፤ ቀልድ ግን አልተማረችም።

እኔ ላይ ያገኙት ነገር ብግነት ይባላል። ቃሉን ሰምቼ ዝም ብዬ አልወጣሁም፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «አስረጂኝ» አልኳት። እሾህ ሲወጋሽ ጣትሽ የሚቀላውና የሚግለው ሰውነትሽ ራሱን ሲከላከል ነው፤ ብግነት ማለት ያ ነው። ሥራውን ጨርሶ ከሄደ ደግ ነው። ሳይሄድ ከሰነበተ ግን የሚጠብቀውን ቤት ራሱ ይበላዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ቆሻሻው ስለማይወጣለት ሰውነቱ ዘወትር ትንሽ ትንሽ እንደተቆጣ ነው የሚኖረው። ያ ቁጣ ተመልሶ የቀረውን ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ሥር ያደርቃል፣ ልብ ያደክማል። አንዱ ሌላውን እየወለደ ይሄዳል። የኔ ግን ከዚያም አልፏል አለች። «ጭሱ ደምዎ ውስጥ ይታየናል፤ እሳቱ የቱ ጓዳ እንዳለ ነው ያላገኘነው።»

ድካምዎስ ላልሽው፣ እሱም ከዚሁ ነው። ለደም ማነሴ ብረት በመርፌ ይሰጡኛል። ሰውነቴ ግን ጦርነት ላይ ነኝ ብሎ ብረቱን ጎተራ አስገብቶ ቆልፎበታል። መርፌው ይገባል፣ ደሙ አይነሣም።

እሳቱ ሳይገኝ ደግሞ ያንቺን ኩላሊት አይሰፉልኝም። ከሰፉ በኋላ ሰውነቴ «ባዕድ ነው» ብሎ እንዳይጥለው መከላከያዬን በመድኃኒት ያደክሙታል። ያኔ የተደበቀ ነገር ካለ ገደለኝ ማለት ነው። «ሌባው ቤት ውስጥ እያለ ዘበኛውን አናስተኛም» አለች። ትክክል ናት፤ አልተከራከርኳትም። ይፈልጉ።

የመነጽር ሱቄን የኩላሊት እጥበት በሌለኝ ቀን እከፍታለሁ። መደርደሪያውን ያንሡ ያልሽኝን አላነሣሁም፤ አላነሣምም። ሰው መነጽሩ ሲሰበር ለባለሙያ ማምጣት ሲገባው እቤቱ ተቀምጦ በሙጫና በክር ያበላሸዋል። እንዲህ የተበላሹትን ፍሬሞች መስታወት ውስጥ ደርድሬ «በባለቤቱ የተጠገነ» ብዬ የጻፍኩበት ሰው ለማሳፈር ነው ብለሻል። አዎ፣ ለማሳፈር ነው። ያፈረ ሰው አይደግመውም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 27 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን አሉልኝ? እኔ፣ ያ ዝምተኛው ባሌና ቤቱ ሁሉ ደህና ነን።

በሁለተኛው ደብዳቤዎ «ሥራ ቦታ ምን አሉሽ?» ብለዋል። ባይጠይቁኝ ይሻል ነበር። የካውያ ክፍል ሴቶች አዋጥተው የሌሊት ልብስ ገዝተውልኝ፣ አልቅሰው ነው የሸኙኝ። አለቃችን እንኳን፣ ደህና አደርሽ ማለት የሚከብደው ሰውዬ፣ «ጀግና እህት ናት» ብሎ ቆሞ ተናግሮልኛል። እኔ ደግሞ ኩላሊቴን እንደያዝኩ ተመለስኩ። አንዷ «እንዴ! አውጥተው መለሱልሽ?» አለችኝ። ሌላዋ ከአንሶላው ክምር ጀርባ «ወንድሟ አሻፈረኝ ብሏት ነው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ጋሼ፣ ሠርጓ ፈርሶ ከደጅ እንደተመለሰች ሙሽራ ነው ያፈርኩት። የሌሊት ልብሱ እስካሁን ከነላስቲኩ አለ። ልመልስላቸው ወይስ ልልበሰው?

ይሁን፣ የኔስ ያልፋል። «እኔም አጣቢ፣ ወንድሜም ታጣቢ» ብያቸው ስቀን አሳልፈነዋል። እኔን ያስጨነቀኝ እርስዎ ነዎት። እዚያ ሳለሁ ልብስዎ እንደ ድንኳን ሰፍቶብዎት ነበር። ነርሷ «አባባ ምግብ አይበሉም» አለችኝ። ያ የአፍ መሸፈኛ ደግሞ ምንድን ነው? ከአጠገብዎ ስቀመጥ ሰንብቼ አንድ ቀን አፍዎን አላየሁም። ሾርባ ሲጠጡ እንኳን ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው። «ሰው ይተነፍስብኛል» አሉኝ። እኔ እኮ ሰው አይደለሁም፣ እህትዎ ነኝ!

አሁን የት የት እንደፈለጉ ይጻፉልኝ። «ይፈልጉ» ብለው አይዝጉብኝ። የሚፈለገው እርስዎ ውስጥ ነው፤ የሚጠብቀው ግን የኔ ኩላሊት ነው።

ታናሽዎ


ኅዳር 19 ቀን

ለታናሽ እህቴ፣

የሌሊት ልብሱን አትመልሺ። ሰው ወዶ የሰጠውን መመለስ ስድብ ነው።

የት የት ፈለጉ ላልሽው፣ የደረት ፎቶ አነሡኝ፤ ንጹሕ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ መረመሩኝ፤ የለም። ለእጥበት አንገቴ ውስጥ የገባውን ቱቦ ጠርጥረው አወጡና በሌላ ቀየሩት፤ ጭሱ አልቀነሰም። ልቤን በማሽን አዩት፤ እዚያም የለም። በየክፍሉ እንደ ተከሳሽ እገባለሁ፣ በየክፍሉ «ነጻ» ተብዬ እወጣለሁ።

ከጎኔ ባለው ወንበር የሚታጠበው ሰው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አፉ አያርፍም። «አንተ መነጽሬ፣ ያንተ ምርመራ እኮ የኬላ ፍተሻ ሆነ» አለኝ። «ጭነቱን ሁሉ አስወርደው፣ ጎማ አስፈትተው፣ ምንም ሲያጡ ዕቃው የሚገኘው የት እንደሆነ ታውቃለህ? ሾፌሩ ኪስ ውስጥ!» እሱ ሲስቅ ማሽኑ ይጮህበታል፣ ነርሷ ሮጣ ትመጣለች። «ዝም በል፣ ደምህን ታቋርጣለህ» አልኩት። ሌላ ጊዜ ቀልዱን እታገሠዋለሁ። ይህን ግን አልወደድኩትም።

ጥርስ ክፍልም ሂድ ብለውኛል። ጥርሴ ደህና ነው ብያቸዋለሁ። ደህና ነው።

ስለ መሸፈኛው ነግሬሻለሁ። እጥበት ክፍል ውስጥ ሰው ያስላል። አይበሉም ያለችሽ ነርስም ተሳስታለች። ለስለስ ያለ ነገር እበላለሁ።

በኔ የተነሣ በሰው ፊት ማፈርሽን አንብቤአለሁ። እዚህ ላይ አንድ ቃል ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። ጊዜው ሲደርስ እጽፈዋለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ዛሬ ጋሼም የለም፣ አንቱም የለም። ከተወለድኩ ያላልኩህን ዛሬ እልሃለሁ። አንተ!

ዶክተሯ ደውላልኝ ነበር። ምን አለችኝ መሰለህ? «ሁሉም ምርመራ አልቋል። የቀረን የጥርስ ክፍሉ ወረቀት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ማንንም ለንቅለ ተከላ አናስገባም። ቀጠሮ እንሰጣቸዋለን፣ ይቀራሉ። ለምን ሲባሉ ደህና ነው ይላሉ። ምናልባት እርስዎን ይሰሙ ይሆናል።» እኔን ትሰማለህ አለች እንግዲህ! አታውቅህም።

እኔ ሆዴን ልቀደድልህ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ አንተ አፍህን መክፈት አቃተህ? መርፌ ፈርተህ ነው እንዳልል፣ ሰውነትህ በመርፌ ወንፊት ሆኗል። ጊዜ አጥቼ ነው እንዳትለኝ፣ ሱቅህ ከሆስፒታሉ ማዶ ነው።

ስለዚህ የመሰለኝን ልንገርህ። የኔን ኩላሊት አትፈልገውም። ሕይወትህን ሙሉ ሰጥተህ እንጂ ተቀብለህ አታውቅም። ያሳደግከኝ አንተ፣ ያስተማርከኝ አንተ፣ የዳርከኝ አንተ። አሁን ከታናሽህ፣ ከላውንደሪ ሠራተኛዋ ተቀብለህ «እግዜር ይስጥልኝ» ከምትል ሞት ይሻልሃል። ዶክተሮቹ እሳቱን ሲፈልጉ አንተ ደስ እያለህ ነው፤ ምክንያት አገኘህ። እኔ ደግሞ እዚህ ሰው ሲጠይቀኝ «ቀጠሮ ተዛውሮ ነው» እያልኩ ፊቴ እንደ ካውያ ይግላል።

ባሌ፣ ያ በዓመት አንዴ አፉን የሚከፍተው ሰው፣ ትናንት «ተይው፤ ኩላሊት እንደ ጉርሻ በግድ አይሰጥም» አለኝ። ከሱ ይሄን ያህል ቃል ስሰማ ነገሩ እንደከፋ ገባኝ።

እስከ ጥር አጋማሽ ያ ወረቀት ዶክተሯ ጋ ካልደረሰ፣ እሰጣለሁ ብዬ የፈረምኩትን መጥቼ በፊርማዬ እሰርዛለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ልቅሶህ ላይ እንዳትጠብቀኝ።

እያለቀስኩ እንዳይመስልህ። ወረቀቱ ላይ ያለው የካውያ ውሃ ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ለእህቴ፣

አንተ ብለሽ ጻፍሽልኝ። እናታችን ከሄደች ወዲህ ከቤተሰብ አንተ የሚለኝ ሰው አልነበረም። አልተቆጣሁም።

ኩላሊትሽን አልናቅኩም። ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ባታምኚ ይህን እመኚ። ምክንያቱ ሌላ ነው። የሚነገር አይደለም። ልጽፈው ጀምሬ ወረቀት ቀድጃለሁ።

ጥርስ ክፍሉ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ወረፋው ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት መነጽሯን በሽቦ አስራዋለች፤ ያውም ጠማማ አድርጋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እመቤት፣ ይህን ማን አስተማረዎት?» እላት ነበር። ተራዬ ደርሶ ሲጠሩኝ ተነሣሁ። ወደ ክፍሉ ሳይሆን ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ፈቃድሽን ብትሰርዢ አልፈርድብሽም። ልመና አልለመድኩም፣ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምርም። ባትሰርዢው ግን

ይህን ዓረፍተ ነገር ልሰርዘው ብዬ ነበር። እንዲሁ እንደተቆረጠ ይቆይ።

ወንድምሽ


ጥር 10 ቀን

ለእህቴ፣

ነርሷ ደውላ የነገረችሽ እውነት ነው። ሁለት ነገር ብቻ አርሚላት። የፕላስቲኩ ቀለም ቡናማ አይደለም፤ የኤሊ ቅርፊት መልክ ነው፣ ደህና ሰው ለመነጽር የሚመርጠው ዓይነት። ሁለተኛ፣ «ከአፋቸው ወደቀ» አትበል። እኔ የሠራሁት ነገር ዝም ብሎ አይወድቅም። ማሽኑ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ አፌ ሲከፈት፣ መንጠቆውን የያዙት ጥርሶች ራሳቸው ተነቅለው አብረውት ወጡ። ልዩነቱ ለአንቺ ምንም ላይሆን ይችላል።

ስለ ሌላው ግን ነርሷ አታውቅምና እኔ ልንገርሽ።

የፊት ጥርሶቼ ተሰብረው ያለቁት እጥበት ሳልጀምር ነው። ሥራዬን ታውቂዋለሽ። መነጽር ስለካ ከሰው ጋር ግንባር ለግንባር ነኝ። አፍንጫው ላይ ልክ መቀመጡን ሳይ ትንፋሼ ፊቱን ይነካዋል። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ፣ ጨዋ ሴት፣ አፌን አየችና ዓይኗን ወደ ጣሪያ አሸሸች። ያን ለት ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ። ፍሬም የማለሰልስበትን አሸዋ አጋልኩ። በሰም የላንቃዬን ቅርጽ ወሰድኩ። ከወፍራም የፍሬም ፕላስቲክ ቆርጬ አለሰለስኩና ቅርጹ ላይ ተጫንኩት። ከነጭ ፕላስቲክ ጥርስ ሞርጄ ተከልኩበት። በግራና በቀኝ የሽቦ መንጠቆ አበጀሁለት፣ በቀሩት ጥርሶቼ ላይ አጠለቅሁት። ልክ ገባ። መስታወት ፊት ቆሜ ለብቻዬ ሳቅሁ።

የተሰበሩት ጥርሶች ሥር ግን ከታች እንዳለ ነበር። ሸፈንኩት።

ድዱ አበጠ፤ ፕላስቲኩን ሞረድኩለት። ደግሞ አበጠ፤ ደግሜ ሞረድኩ። መግሉ ሲመጣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ። ማኘክ ሲያቅተኝ ሾርባ ጠጣሁ። ሲሸት መሸፈኛ አደረግሁ። ስናገር ሲያፏጭብኝ ስልክ ተውኩ። አየሽ፣ አንዱ ሌላውን እየወለደ።

ዶክተሯ ስለ ብግነት ያስረዳችኝ ቀን ወንበር ስቤ የተቀመጥኩት ለመማር መስሏት ነበር። ስለ አፌ የምታወራ መስሎኝ ደንግጬ ነው። «እሳቱ የቱ ጓዳ እንዳለ አላገኘነውም» ስትል ምላሴ ፕላስቲኩን ነካ። ምናልባት ሌላ ቦታ ይሆናል አልኩ። ደረቴ ንጹሕ ነው ሲሉኝ አዘንኩ። ልቤ ንጹሕ ነው ሲሉኝ አዘንኩ። ሰው ሳንባው ደህና ነው ሲባል ያዝናል? እኔ አዘንኩ። ከአፌ ይልቅ ልቤ ቢበላሽ መርጬ ነበር።

ነርሷ በጓንት አነሣችው። መጀመሪያ «አባባ፣ መነጽርዎ ተሰብሮ ነው?» አለችኝ። ቀጥሎ ሽታው ደረሳት። ፊቷን አላዞረችም፤ ብታዞር ይሻለኝ ነበር። ብረት ሳሕን ላይ አኖረችውና እንደ ሬሳ ፋሻ አለበሰችው። ዶክተሯ መጥታ ገልጣ አየችው። «ይሄ ነው?» አለች። «ይህ ነው» አልኩ። አፏጨብኝ። አልሳቀችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አለማወቋ ደስ አለኝ።

ሾፌሩን ጠበቅሁት። ሲቀልድብኝ የምሰድበውን ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። ማሽኖቹ ብቻ ይሠራሉ። እኔን ከማሽኑ ነቅለው ሲያስነሡኝ ነው ቀስ ብሎ «መነጽሬ፣ ለካ ኪስህ ውስጥ ነበር» ያለኝ። አልሳቀም። ሁሉንም ችዬ ነበር፤ እሱ አለመሳቁን ግን አልቻልኩም።

አንቺ ሆድሽን ልትቀደጂ የተኛሽው ለዚህ አፍ ነው። በላውንደሪሽ ውስጥ ፊትሽ የጋለው ይህን ፕላስቲክ ስሸፍን ነው። ኅዳር ላይ የሰረዝኩት ቃል «ይቅርታ» የሚል ነበር። አሁን ጻፍኩት።

ነገ ጥርስ ክፍል እገባለሁ። ፈቃድሽን እስከዚያ ያዢልኝ አልልሽም። ነገ እገባለሁ ብቻ እልሻለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 21 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

«ተጸየፍሽኝ ወይ?» ብለህ የጻፍካት አጭር ወረቀት ደርሳኛለች። ቀድሜ ከነርሷ ሰምቼ፣ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ በንዴት የአለቃችንን ሸሚዝ አቃጠልኩ። ሙሉው የካውያ ቅርጽ ጀርባው ላይ ወጥቷል። አንተ ነህ ያቃጠልከው።

መጸየፉን ተወው። የሰው አንሶላ ሳጥብ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ደም፣ መግል፣ ትውከት፣ ሌላም የማይጻፍ ሁሉ በእጄ አልፏል። የማይለቅ እድፍ የቱ እንደሆነ ልንገርህ? በትኩሱ ለኛ ያመጡት ይለቃል። ችክ የሚለው ሰዎቹ አፍረው፣ ማንም ሳያይብን ብለው፣ እቤታቸው በፈላ ውሃ ያጠቡት የደም እድፍ ነው። ሙቁ ውሃ ያበስለዋል። ከዚያ ይዘውት ይመጡና «በደንብ አላጠባችሁም» ብለው ይቆጡናል። አንተም እንዲያ ነህ። ከማፈርህ ይልቅ ያስቸገረን ማጠብህ ነው።

ጥር አጋማሽ አለፈ። አልመጣሁም፣ አልሰረዝኩም። ሁሉንም ጥርሶች ነቅለውህ ደሙ እንደቆመ ዶክተሯ ነገረችኝ። ከእጥበት ቀን አርቀው ያደረጉት ደም እንዳይፈስህ ነው አለች። ድዱ እስኪሽር ጠብቁ ተብለናል። እጠብቃለሁ።

ይሄን ያህል አንተ ካልኩህ ይበቃኛል፤ ምላሴ ደክሟል። ጋሼ፣ ሾርባዎን ይጠጡ። ፊትዎን ወደ ግድግዳ አያዙሩ።

ታናሽዎ


መጋቢት 6 ቀን

ለታናሽ እህቴ፣

ውጤቱ ምን ሆነ ብለሻል። ጭሱ ቀንሷል። ጨርሶ አልጠፋም። ዶክተሯ «ሁሉም ከአፍዎ አልነበረም፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ትንሹ ሁሌም አይለቀውም» ብላኛለች። ደሜ ግን ተነሥቷል። ያ ተቆልፎበት የነበረው ጎተራ ተከፈተ መሰለኝ፤ ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁ። ሾፌሩ «መነጽሬ፣ ማርሽ ቀየርክ» አለኝ። ስቆ ማሽኑን አስጮኸው። ተመስገን ነው።

ክፉውንም ልንገርሽ፣ ከእንግዲህ አልደብቅም። እሳቱ በቆየበት ጊዜ ሁሉ የደም ሥሬን ሲያደርቀው ነበር። ኩላሊትሽን የሚሰፉበትን ደም ሥር በምስል አይተው «ጠንክሯል፤ ግን ይሠራል» ብለዋል። ዶክተሯ «ቶሎ ቢመጡ ኖሮ ይሻል ነበር» ስትል መሬት መሬቱን አየሁ። ሰው ያልተናገረው ቃል ደም ሥሩ ላይ ይጻፋል ብዬ አላውቅም ነበር። ቀጠሮው ለሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ለአለቃሽ ንገሪ። የሸሚዙን ነገር እኔ እጽፍለታለሁ።

ሰው ሠራሽ ጥርስ በሐኪም ይሠራልሃል፣ ድድህ እስኪድን ጠብቅ ብለውኛል። እስከዚያ አፌ ባዶ ነው። ሱቁን ከፍቻለሁ። መሸፈኛውን ትቻለሁ። ሰው ሲያየኝ አየዋለሁ። አሁንም አፍራለሁ፤ አልለቀቀኝም። ግን እያፈርኩ መሥራት ይቻላል ለካ።

ጥርስ ክፍል የነቀሉትን ሁሉ በብልቃጥ አድርገው «ይፈልጉታል?» አሉኝ። አልፈልግም፣ ያን ፕላስቲክ ግን ስጡኝ አልኳቸው። በአልኮል አጥበው ሰጡኝ። ወስጄ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት፣ በሙጫ ከተበላሹት ፍሬሞች መካከል፣ ከፊት። አዲስ ጽሑፍ አላስፈለገውም። የነበረው ይበቃዋል።

ትናንት አንድ ሰውዬ የመነጽሩን እጀታ በክር ጠምጥሞ መጣ። ያውም በቀይ ክር። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን መስታወቱን ጎንበስ ብሎ እያየ ነበር።

«ይሄ ደግሞ የምን መነጽር ነው?» አለኝ።

«መነጽር አይደለም።»

«እና የማን ነው?»

«የኔ ነው» አልኩት። ጽሑፉን አነበበ፣ አፌን አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሁለት እጁ ሰጠኝና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ክሩን ፈታሁለት። አልተቆጣሁትም።

የሌሊት ልብሱን ከላስቲኩ አውጪው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ፣ በዚያው ዕለት ማታ እኔው እደውላለሁ። ባለቤትሽ ካነሣው «ማን ልበል?» እንዳይለኝ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ንግግሬ የሕፃን ሆኗል፣ ያፏጫል። ብትስቂም ሳቂ። ታኅሣሥ ላይ የቆረጥኳት ዓረፍተ ነገር አለች። እሷን በድምፄ ልጨርስልሽ ነው።

ወንድምሽ